በሊማሊሞ የረገጥሁት የሌለ ፍሬን

ጋቢና ውስጥ በተሳፋሪ ወንበር ተቀምጣችሁ መኪናው ቁልቁለት ሲጀምር፣ ቀኝ እግራችሁ በራሱ ጊዜ የሌለ ፍሬን ረግጦ ያውቃል? የእኔ ረግጦ ያውቃል። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ ስንሄድ፣ ሊማሊሞን እየተጠማዘዝን ስንወርድ፣ መሪውን የያዙት አባቴ ነበሩ፤ ከእሳቸው አብልጦ የረገጠው ግን የእኔ እግር ነው። መምህር ነኝና ነገርን ከሥሩ ማስረዳት እወዳለሁ፤ ወደ ኋላ ልመለስ።

ፒካፑ የአባቴ ነው። ነጠላ ጋቢና ነው፤ ቀለሙ ድሮ ነጭ ነበር ይባላል። አባቴ በዚህ መኪና ከዳባት ነጭ ሽንኩርት፣ ከደባርቅ ድንችና ገብስ እየጫኑ ወደ ቆላው ሲያወርዱ፣ ከቆላው ማሽላ ሲያወጡ ኖረዋል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው እኔ ተማሪ ሳለሁ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደ ሄደ የሚያውቅ የለም። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ንግዱን ተዉትና መኪናው ደባርቅ ባለው ግቢያችን ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ቀረ። ክረምት መጣ፣ ሄደ፤ ሌላም መጣ። እናቴ ኮፈኑ ላይ ብቅል ታሰጣ ጀመር። አንዲት ዶሮ የተሳፋሪውን ወንበር ስፖንጅ ቦርቡራ እንቁላል መጣያ አደረገችው።

እኅቴ ያገባችው አዲ አርቃይ ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ እየገባ ነበር። በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። እናቴ የገንፎውን እህል አስፈጭታ፣ የአራስ መኝታውን አዘጋጅታ ጨርሳለች። የቀረው እኅቴን ማምጣት ነበር።

"በሚኒባስ ትምጣ" አልሁ።

"ነፍሰ ጡር ልጄን? በሰው ጭን ላይ አስቀምጬ?" አሉ አባቴ።

"እንግዲያው መኪና እንከራይ።"

"የራሴ መኪና እዚህ ቆሞ?"

"ችግሩማ መቆሙ ነው!" አለች እናቴ ከጓዳ። አባቴ ግን በስልክ ለእኅቴ "ቅዳሜ እመጣልሻለሁ፤ ጓዝሽን ሸክፊ" ብለዋት ነበር። እሷም ለጎረቤቷ ሁሉ "አባባ በራሳቸው መኪና ሊወስዱኝ ነው" ብላ አውርታ ጨርሳለች። ቃል ወጥቷል። ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፦ ያ መኪና ቅዳሜ ሊማሊሞን ወርዶ እኅቴን ይዞ ይመለሳል፣ ወይስ አይመለስም?

የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ስለነበር ሥራው ለእኔ ወደቀ። ጋራዥ እንዳልወስደው መኪናው አይነሳም፤ ባለሙያ እንዳልጠራ ደግሞ ሁሉም "ከሰኞ በኋላ" ይላሉ። ስለዚህ ስልኬን ከፍቼ ቪዲዮ እያየሁ፣ ከጎረቤት ክሪክና ቁልፍ ተውሼ ጀመርሁ። መጀመሪያ ዶሮዋን አስወጣሁ፤ ይህ ከሁሉም ከባዱ ሥራ ነበር። ቀጥዬ ባትሪውን ቻርጅ እንዲደረግ ላክሁ። የሞተሩን ዘይትና ማጣሪያውን ቀየርሁ፤ የወጣው ዘይት እንደ ሬንጅ ይጎተት ነበር። ቀበቶዎቹን፣ ጎማዎቹን፣ የራዲያተሩን ቱቦዎች አንድ በአንድ ዳሰስሁ። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ስለሚኖር ጣቶቼ ብረት ሲነኩ ይደነዝዛሉ። ቁጭ ማለት ግን አልቻልሁም። ምሳ ቀርቦልኝ በመስኮት መኪናውን አያለሁ። የተማሪዎቼን ወረቀት ላርም ስቀመጥ ሳላስበው የጎማ ሥዕል ጠርዙ ላይ አገኛለሁ።

ሞተሩ ሐሙስ ጠዋት ጮኸ። ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው፤ አባቴ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ሳቁ። "አየህ መምህሩ? ይህን ያህል ቆሞ እንኳ ያውቀኛል!" ብለው ገቡና ፍሬኑን ረገጡ። ፔዳሉ ወለሉን ነካ። ደግመው ረገጡ፤ ትንሽ ያዘ። በሦስተኛው ጠነከረ።

"ይኸው፤ መታ መታ ሲያደርጉት ይይዛል። ጠባዩ ነው" አሉ።

ያን ዕለት ከሰዓት አንድ የድሮ የንግድ ባልደረባቸው ሊጠይቋቸው መጡ። መኪናው ተነሥቷል ሲባሉ አባቴ የታወቀውን ታሪካቸውን ጀመሩ። እኛ ልጆቻቸው ይህን ታሪክ በቃላችን እናውቀዋለን። አንድ ጊዜ ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ድብ ባሕር ላይ ማሽላ ጭነው ሳሉ የፍሬኑ ዘይት ይፈሳል፤ ዘይት የሚሸጥ የለም። አባቴ ከአንዲት ሻይ ሻጭ ውሃ ይለምናሉ፣ ሳሙና ይበጠብጣሉ፣ በዘይቱ ፋንታ ያንን ሞልተው፣ የሚያፈሰውን ቱቦ በሽቦ ቆልፈው፣ ደባርቅ በሰላም ይገባሉ። "በሳሙና ውሃ! ሊማሊሞን!" ሲሉ እንግዳው እንደ ሁልጊዜው ጭናቸውን መቱ። እኔም እንደ ሁልጊዜው ልስቅ ስል ጠዋት ወለሉን የነካው ፔዳል ትዝ አለኝ።

"አባባ፣ ከዚያ በኋላ ዘይቱ ተቀየረ?"

"ቱቦውን አስቀየርሁ እንጂ።"

"ውሃውስ?"

"ምን ውሃ?"

"የሳሙናው!"

"ከላይ ከላይ ዘይት ስንጨምርበት ኖርን አይደል? እስካሁን ያለ ይመስልሃል?"

ሄጄ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያዋን ክዳን ከፈትሁ። አዲስ ዘይት ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ይኼኛው እንደ ጠላ አተላ ደፍርሶ ተቀምጧል።

ፍሬን እንዲህ ነው የሚሠራው፦ እግራችሁ ፔዳሉን ሲገፋ፣ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ያለው ዘይት ግፊቱን እስከ ጎማው ይወስደዋል። ፈሳሽ አይጨመቅምና ምንም ሳይጎድል ይደርሳል። በረዥም ቁልቁለት ግን ፍሬኑ ይግላል፤ ቱቦው ውስጥ ውሃ ካለ ይፈላል፤ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት እንደ ፈሳሽ አይደለም፤ ይጨመቃል። ያን ጊዜ እግራችሁ የሚገፋው ባዶ ነገር ነው። ያኔ ማሽላ ጭነው ሽቅብ ነበር የወጡት፤ ፍሬን ብዙም አላስፈለጋቸውም። አሁን ቁልቁል ነው።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ተናገርሁ። አልሰሙኝም። ለእናቴ በሌላ መንገድ ሞከርሁ። "እማዬ፣ እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ሙቀቱ ግን አነስተኛ ነው። ባቄላሽ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው።"

"ባቄላዬ አልበስል የሚለው አንተ እርጥብ እንጨት ስታመጣ ነው" አለች። ቀጥላ ግን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ "ምን ላድርግልህ?" ስትል ጠየቀችኝ።

አሮጌውን ዘይት ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ጋቢና ገብቶ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ጎማው ሥር ተኝቶ ትንሿን ማስወጫ ብሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አባቴ ታሪካቸው ስለተነካባቸው አጥሩ ጋ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ስለዚህ በዕድሜዋ መሪ ጨብጣ የማታውቀው እናቴ ጫማዋን አውልቃ ሾፌር ወንበር ላይ ወጣች።

"እርገጪ!"

"ረገጥሁ!"

"ያዢው፣ እንዳትለቂ!" ብሎኑን ፈታሁ። በላስቲክ ቱቦው ወደ ጣሳው ቡናማ ፈሳሽ ወረደ፤ መሐሉ ላይ አረፋ አለው። ብሎኑን ዘጋሁ። "ልቀቂ!"

"እንዴ፣ እግሬን ዋጠው! ወለሉ ውስጥ ገባ!"

"እንደዚያ ነው የሚሆነው፤ አትፍሪ!"

"አልፈራሁም! ፍሬን አልባ መኪና ላይ ያስቀመጠኝ ልጄ ነው፤ ምን አስፈራኝ!"

ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰግጎ "እትዬ፣ መንጃ ፈቃድ አወጡ እንዴ?" አለ። "ቅዳሜ ወደ አዲ አርቃይ ነኝ፤ ከሄድህ ቦታ ያዝ!" አለችው። በዚህ መሐል አንዴ ሳልዘጋ ለቀቀችው፤ አየር ተመልሶ ገባ፤ ከእንደገና ጀመርን። ያን ጊዜ አባቴ ዞሩ። ቀርበው ጣሳውን አጎንብሰው አዩ። የወጣው ፈሳሽ ለሁለት ተከፍሎ፣ ከሥር ነጣ ያለ ነገር ረግቷል። ጣታቸውን ነክረው አሻሹት።

"ውረጂ" አሏት እናቴን። "ብሎኑን ሳይዘጋ አትልቀቂ ስንቴ ተባልሽ።" ራሳቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ "ይርገጡ፣ ይልቀቁ" ከማለት በቀር ቃል ሳንለዋወጥ አራቱንም ጎማ ጨረስን። ከመለዋወጫ ሱቅ ያመጣሁት ዘይት ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ አልተውንም። ሲመሽ ፔዳሉ በመጀመሪያው ረገጣ ደረቅ ብሎ ቆመ። አባቴ ሁለተኛ ሊረግጡ እግራቸውን አነሡና መልሰው አወረዱት።

ዓርብ እስከ ዳባት ሄደን ተመለስን። በየዳገቱ ግርጌ አቁመን፣ ጎማዎቹን በእጄ እየዳሰስሁ፣ የትኛው እንደጋለ አየሁ። ሁሉም እኩል ነበሩ። እኔ ግን ተረጋግቼ መቀመጥ አልቻልሁም። ከተረሳ ብሎን፣ ካላየሁት ስንጥቅ በቀር የማስበው አልነበረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሊማሊሞ በጉም ተሸፍኖ ነበር። የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ እንደደረስን የአባቴ እጅ ወደ ማርሹ ሄደ። የድሮ ልማዳቸው ነው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ ይወርዳሉ።

"አባባ፣ ሁለተኛ ያድርጉት። ሞተሩም መኪናውን ይያዝልን።"

"ነዳጅ መፍጀት አይሆንም?"

"ይፍጅ።"

ቀና ብለው አዩኝ። እግሬ ወለሉ ላይ ተተክሎ ነበር። "አንተ ጋ ደግሞ ሌላ ፍሬን አለ እንዴ?" ብለው ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ። ሞተሩ እያጓራ ወረድን። በየጥምዙ ጎማው ከገደሉ ጠርዝ ጠጠር ሲገፋ ይሰማኛል፤ እረግጣለሁ። ጉሙ ተገልጦ ከሥር ቆላው ሲታይ እረግጣለሁ። የእሳቸው ፔዳል ግን እስከ ታች በአንድ ረገጣ ይዟል። ድብ ባሕር ስንደርስ፣ ሁልጊዜ ታሪኩን የሚጀምሩበት ቦታ ላይ መኪናውን አቁመው ወረዱ፤ ጎማውን ዳሰሱና ተመልሰው ገቡ።

እኅቴ ከበር ላይ እያለቀሰችም እየሳቀችም ጠበቀችን። ስንመለስ በመስኮቱ በኩል በደንብ እንድትቀመጥ ብዬ እኔ ኋላ ከጓዙ ጋር ሆንሁ። የጋቢናው የኋላ መስኮት ተሰብሮ የቀረ ስለነበር ወሬያቸው ይሰማኛል። ድብ ባሕር ላይ እኅቴ "አባባ፣ በሳሙና ውሃ ያለፉት እዚህ ጋ አይደል? እስቲ ይንገሩኝ" አለች።

አባቴ ማርሽ ቀየሩ። "ያ ታሪክ አልቋል" አሉ ከዚያ። "ወንድምሽ በጣሳ ቀድቶ ደፋው።"

እኅቴ ግራ ገብቷት ዞራ አየችኝ። እኔም ኋላ ተቀምጬ፣ ሽቅብ እየወጣን እንኳ፣ የቆርቆሮውን ወለል እየረገጥሁ ነበር። የእኅቴ ልጅ የተወለደችው በሚቀጥለው ሳምንት በእናቴ ቤት ነው። ዶሮዋ ደግሞ ወንበሯን አጥታ አሁንም ታኮርፋለች።

እናንተም ደጃችሁ ላይ የቆመ አሮጌ መኪና ካለ፣ እባካችሁ ዛሬ ኮፈኑን ክፈቱ። የፍሬን ዘይቱን ቀለም ተመልከቱ። ሞተሩን ሳታስነሡ ፔዳሉን ረግጣችሁ ያዙት፤ ቀስ እያለ ከሰመጠባችሁ ቁልቁለት አትሂዱበት። ከዚያ የቤቱን ትልቅ ሰው ስለዚያ መኪና በጣም የሚወዱትን ታሪክ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። አትሳቁ፤ ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ውስጡ ምን እንደ ጨመሩበት ይነግሯችኋል።