አንድ ሜትር የመለስኩበት ቀን

ሸዋ ሮቢት ውስጥ አስፋልት ዳር መሬት ያለው ሰው ሁሉ ሱቅ ልሥራ ብሎ ተነስቷል። እኔም ተነሳሁ። ከሰው የተለየሁ አይደለሁም። የምለይበት ነገር ቢኖር የመሰለኝን ፊት ለፊት መናገሬ ነው፤ እሱም እስከዛሬ አንድ ወዳጅ አላፈራልኝም።

ይዞታዬ ከአስፋልቱ ይጀምርና ወደ ኋላ እየረዘመ ይሄዳል። ፊቱ ጠባብ ነው። አባቴ ማሽላ ይዘራበት ነበር፤ ከተማው እየሰፋ መጥቶ ዋጠው፣ ማሽላው ቀረና ካርታ ተሰጠኝ። ከፊት ወንዱ ልጄ ጎማ ይጠግናል። ከኋላ እኔ የምኖርበት ቤት አለ። መሀሉ ጥቂት ፓፓያና ሽንኩርት የምተክልበት ባዶ ቦታ ነበር። ይህን መሀሉን ነው ለሴት ልጄ ልሰጣት የፈለግሁት።

ልጄ የተማረችው የእንስሳት ጤና ነው። የከብት መድኃኒት ትሸጣለች፣ የታመመ ከመጣም ታያለች። ሱቁን ያከራያት ሰውዬ ከክረምት በፊት ልቀቂ ብሏታል። ሌላ ሱቅ እንፈልግልሽ ስንላት አስፋልት ዳር የሆነውን ሁሉ እንቢ አለች።

"የቀወት ገበሬ አህያውንና ፍየሉን እየነዳ ነው የሚመጣልኝ" አለችኝ። "ያ ሁሉ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ሲነፋበት ከብቱ ይበረግጋል። እኔ መርፌ ይዤ ባለቤቱ ፍየል ሲያባርር እንውላለን። ገባ ያለ ቦታ ስጠኝ፣ አባዬ።"

ገባ ያለ ቦታ ነበረኝ። የራሱ ካርታ ከሌለው ግን የንግድ ግንባታ ፈቃድ አይሰጥበትም። ስለዚህ ይዞታዬ ለሦስት ተከፍሎ፣ መሀለኛው የንግድ ቦታ ተብሎ በስሟ እንዲወጣ ለማዘጋጃ ቤት አመለከትኩ። እነሱ ሽንሸና ይሉታል። ማመልከቻውን ራሴ ጻፍኩት። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ ጽሕፈቴ አያምርም፣ ግን ይነበባል።

የፕላን ባለሙያዋ ከደጋ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ማራገቢያው ወረቀቷን እንዳይበትንባት በየክምሩ ላይ ጠጠር ጭናለች። ንድፉን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና፣

"አባቴ፣ ይሄ አይጸድቅም" አለችኝ።

"ለምን?"

"መሀለኛው ቦታ መግቢያ የለውም። በየት በኩል ሊገባ ነው? በጎማ ቤቱ መሀል?"

"ጎማ ቤቱ የወንድሟ አይደለም? ትለፍበት።"

"ዛሬ የወንድሟ ነው። ነገ ቢሸጠውስ? እሳት ቢነሳስ? መዳረሻ መንገድ የሌለው የንግድ ቦታ ኮሚቴው አያልፈውም። ስድስት ሜትር ያስፈልጋል።"

ስድስት ሜትር ከእኔ ላይ ብቻ ከተቆረጠ የሚቀረው ፊት ለወንዱ ልጄ ጎማ እንኳ አይበቃም። ይህንኑ ነገርኳት። እሷ ግን ቀድማ አስባበታለች።

"ባለፈው ሳምንት ጎረቤትዎ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር" አለች። "የእሳቸውም በዚሁ ምክንያት ተመልሷል። ሦስት ሜትር እርስዎ፣ ሦስት ሜትር እሳቸው ቢለቁ በመሀላችሁ አንድ መንገድ ይወጣል። የሁለታችሁም አብሮ ይጸድቃል። ተስማሙና አጥራችሁን አንሡ፣ እኛ ለመስክ እንመጣለን።"

"ሌላ ዘዴ የለም?"

"ከጎረቤት ጋር መስማማት እኮ ከሁሉም ይቀላል" አለችኝ። ጎረቤቴን አላወቀችውም።

ጎረቤቴ የማሾ ነጋዴ ነው። አገሩ ሁሉ ሐጂ እያለ ነው የሚጠራው። ዕድሜያችን አንድ ነው፤ በልጅነታችን ሮቢ ወንዝ ውስጥ አብረን ተንቦራጭቀናል። ከተኳረፍን ግን ብዙ ክረምት አልፏል። ያጣላን ግመሉ ነው። ከአጥሬ በላይ አንገቱን አስግጎ የማንጎ ችግኞቼን ጫፍ ጫፋቸውን ቀርጥፎ በላ። አሳጥረህ እሰረው ብለው፣ አንተ አጥርህን ከፍ አድርግ አለኝ። ግመሉን ከሸጠው ቆየ። እኔ ግን ነገር ቶሎ አይወጣልኝም፣ እሱም እንደዚያው ነው። በሰርግም በለቅሶም ስንገናኝ አንዳችን ወደ ቀኝ፣ አንዳችን ወደ ግራ እናያለን።

ቤት ገብቼ "ለዚያ ሰውዬ አልለምንም" አልኩ።

"ማን ለምን አለህ?" አለች ልጄ። "ፍየሎቻቸውን የማክመው እኔ ነኝ። እኔ አናግራቸዋለሁ።"

ሄደች፣ ተመለሰች። ሐጂ ሦስት ሜትሩን ለመልቀቅ እሺ ብሏል። አባትሽ ግን ካጎደለ ወላሂ አልፈርምም ማለቱንም ጨምራ ነገረችኝ። ያችን መጨመር አልነበረባትም።

እኔ አጎድላለሁ? ለመስክ በሚመጡበት ዕለት ጎህ ሲቀድ ተነስቼ የግራር እሾህ አጥሬን መንቀል ጀመርኩ። ሦስት ሜትር ለካሁ። እንደገና አሰብኩት። ሦስት ብቻ ከለቀቅሁ ሐጂ ጣት የምታህል ጎደለች ብሎ ሰው ፊት ያሳጣኛል። አንድ ሜትር ጨመርኩና በአራተኛው ላይ አጥሬን ተከልኩ። እንዲህ ካደረግሁ ማን አፉን ይከፍታል ብዬ ደስ አለኝ። ሐጂም በበኩሉ የቆርቆሮ አጥሩን ሲያንኳኳ ይሰማኛል። አቧራው ስለከለለን አልተያየንም፤ ብንተያይም አንነጋገርም ነበር።

ረፋዱ ላይ ባለሙያዋ፣ ባለሦስት እግር መሣሪያ የተሸከመ ቀያሽና አንድ የቀበሌ ሰው መጡ። ጎማ ሊያስጠግን የቆመው ሹፌር፣ የባጃጅ ልጆች፣ መንገደኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ቀያሹ ከአጥር እስከ አጥር ሜትሩን ዘረጋና፣

"ዘጠኝ" አለ።

"ዘጠኝ ምን?" አለች ባለሙያዋ።

"ዘጠኝ ሜትር።"

ባለሙያዋ ንድፏን አየች፣ መንገዱን አየች። "ስድስት ነው የተባለው። ማነው ያበዛው?"

የድሮው አጥር የቆመበት ጉድጓድ መሬቱ ላይ በተርታ ይታያል። ቀያሹ ከዚያ ተነስቶ ወደ እኔ ለካ፤ አራት ሆነ። ወደ ሐጂ ለካ፤ አምስት። በአንድ ሜትር በለጠኝ።

ሐጂ ሽርጡን ጠበቅ አደረገና ለባለሙያዋ "ለመንገድ ስሰጥ አልሰስትም፣ ልጄ" አላት። "መንገድ መክፈት ሰደቃ ነው።"

"ለሰደቃ ብሎ አይደለም" አልኩ እኔም ለባለሙያዋ። "እንዲወራለት ነው።"

ዞር ብሎ አየኝ። "አንተስ አራተኛዋን የጨመርካት ለጽድቅ ነው?"

ከግመሉ ወዲህ ፊት ለፊት ያናገረኝ ያን ጊዜ ነው። የባጃጅ ልጆች ሳቁ።

ቀያሹ ግን ሥራውን ቀጥሎ የልጄን ቦታ ዙሪያውን ለክቶ፣ ስልኩ ላይ ደማምሮ ለባለሙያዋ አሳያት። ፊቷን ቋጠር አደረገች።

"አባቴ፣ መሀለኛው ቦታ ለንግድ ከሚፈቀደው ካሬ አነሰ።"

"እንዴት ያንሳል? አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ የነደፍሽው?"

"እኔ የነደፍኩት ሦስት ሜትር እንደሚለቁ ነው። እርስዎ አራት ለቀቁ። በዚህ ልክ ከሄደ የልጅዎ ቦታ ይወድቃል።" ቀጥላም፣ እንደ ቀላል ነገር፣ "ትርፏን አንድ ሜትር ወደ ራስዎ ይመልሱ፣ ያበቃል" አለችኝ።

"እሱም ትርፉን ይመልስ።"

"የእሳቸው አልጎደለባቸውም። መመለስ ከፈለጉ መብታቸው ነው።"

"እኔ ከሰጠሁ ሰጠሁ" አለ ሐጂ። "መልሶ መውሰድ አልለመደብኝም።"

እንግዲህ ያን ሁሉ ሰው አስቡት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ አጥሬን ከነቀልኩ፣ የሰጠውን የሚቀማ ተብዬ በሮቢት ሙሉ መወራቴ ነው። ካልነቀልኩ ደግሞ የልጄ ካርታ የለም፤ ክረምት ሲገባ መድኃኒቷን በካርቶን ይዛ ልትንከራተት ነው። ይህን ሁሉ ባለሙያዋም፣ ቀያሹም፣ ሐጂም ያውቃሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ማንም ግን ጥላ ፍለጋ አልሄደም። ሁሉም የእኔን አፍ ነው የሚያየው።

ልጄን አየኋት። ትለምነኛለች ብዬ ነበር፤ ብትለምነኝ እልሄ ይብስ ነበር። እሷ ግን የቀያሹን መሣሪያ እግር ደግፋ ይዛ፣ "አባዬ፣ ሰዎቹ ሌላ መስክ አለባቸው" ብቻ አለችኝ።

"መልሱት" አልኩ።

"ምን አሉ?"

"አንድ ሜትሬን መልሱልኝ። ሦስት ነው የምሰጠው።"

ቀያሹ የአጥሬን የጥግ ችካል ነቅሎ ወደ እኔ አስጠጋና በመዶሻ መታው። ስንት መዶሻ ሰምቻለሁ፣ የዚያን ቀኑን ያህል ግን ጆሮዬን የቆረጠው የለም። ሐጂ ችካሉ አጠገብ መጥቶ ቆሞ አየና ለባለሙያዋ፣ "በደንብ ይጻፍ፣ ልጄ። ሦስት የእሱ፣ አምስት የእኔ" አላት።

"ይጻፋል፣ ሐጂ።"

"በአኃዝም፣ በፊደልም።"

ሽንሸናው ከመጽደቁ በፊት ማስታወቂያ ይወጣል። ተቃዋሚ ካለ እስከዚህ ቀን ቀርቦ ያመልክት ተብሎ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። እኔ በየቀኑ እየሄድኩ አየው ነበር። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ሐጂ ተነስቶ ይቃወማል፣ ያለዚያም አንድ የማላውቀው ሰው መሬቱ የአያቴ ነበር ብሎ ይመጣል እያልኩ እሰጋለሁ። ሰው ሳላምን ስለኖርኩ ነው።

አንድ ቀን ስደርስ ሐጂ ማስታወቂያው ፊት ቆሟል። ቁርአን እንደ ውኃ ይቀራል፤ የአማርኛ ፊደል ግን አልተማረም። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ያያል፣ ማንንም አይጠይቅም። እኔን ሲያየኝ፣

"አንብብልኝ" አለ።

"ጸሐፊዋ ውስጥ አለች፣ እሷ ታንብብልህ።"

"እሷን አልፈልግም። ካንተ አፍ ነው መስማት የምፈልገው።"

አነበብኩለት። ከእኔ ይዞታ ሦስት ሜትር ስፋት፣ ከእሱ ይዞታ አምስት ሜትር ስፋት ለመዳረሻ መንገድ መለቀቁን፣ አንድም ሳልዘል አነበብኩ።

"ድገመው።"

"ምኑን?"

"የእኔን ብቻ።"

ደገምኩለት። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሰማኝ። "ምነው አምስቱ ላይ ድምፅህ አነሰ?" አለኝ።

"የጻፉትን ነው ያነበብኩት። ጆሮህን አሳይ።"

"ታች ያለውስ ምን ይላል?"

"ተቃውሞ ያለው ካለ ይቅረብ ይላል።" መጠየቄ ካልቀረ ብዬ፣ "አለህ?" አልኩት።

"የምን ተቃውሞ? ልጅቷ እኮ ፍየሎቼን ከሞት ያተረፈች ናት" አለ፤ እንደ መቆጣት ብሎ። "እኔን ያስቸገረኝ አባቷ ነው። ለእሱ ደግሞ ማመልከቻ የሚቀበል ቢሮ የለም። ና፣ ቀዝቃዛ ነገር እንጠጣ።"

"ማነው የሚጋብዘው?"

"አምስት ሜትር መሬት የሰጠ ሰው ለስላሳ ያቅተዋል?"

ሄድኩ። ጠጣሁ። ጠርሙሱን እስካጋምስ ድረስ ያችን አምስት ሜትር ደጋግሞ አነሳብኝ፤ የቀረውን ግማሽ ስለ ማሾ ዋጋ ስናወራ ጨረስነው።

ተቃዋሚ አልመጣም። ኮሚቴው ተቀመጠ፣ ሽንሸናው ጸደቀ፣ የልጄ ካርታ ማኅተም ተመቶበት ወጣ። ቆጥራ ያስቀመጠችውን አውጥታ በብሎኬት አንድ ክፍል ሠራች፤ ቆርቆሮው የተመታው ደመናው እየከበደ ሳለ ነው፣ ግን ደረሰ።

አሁን ያ መንገድ የከተማው መንገድ ሆኗል። ስምንት ሜትር ስለሆነ ሁለት መኪና ይተላለፍበታል። ከወንዙ የሚነሳው ነፋስም ሳይታገድ ስለሚገባ፣ አስፋልቱ እንደ ምጣድ በሚግልበት ሰዓት እዚያ ተቀምጦ መዋል ይቻላል። እኔም ወንበሬን አውጥቼ ከጎማ ቤቱ ጥግ እውላለሁ። ሐጂ ከአሱር ሶላት ሲመለስ የራሱን ወንበር ይዞ ከወዲያ ጎን ይቀመጣል። አንዳንድ ቀን እናወራለን፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ወሬው ወደ አምስት ሜትሩ ሲያዘነብል እኔ ወደ አስፋልቱ አያለሁ።

የባጃጅ ልጆቹ መንገዱን የሐጂ መንገድ ብለው ሰየሙት። ሌላ ስም እንዲያወጡለት ብዙ ለፋሁ፤ አልተሳካልኝም። ትናንት አንድ ገበሬ ሁለት ፍየል እየነዳ ከቀወት መጣ። አንደኛዋ ዓይኗ አብጧል። አስፋልቱን እንደምንም አሻግሯቸው እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆመና፣

"ጋሼ፣ የሐጂ መንገድ የሚባለው የቱ ነው?" አለኝ። "የከብት ሐኪሟ እዚያ ናት ብለውኝ።"

ሐጂ ከወዲያ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጆሮውን ጣል አደረገ።

"ይሄው የሐጂ መንገድ" አልኩት። "ግባ፣ በስተቀኝ ናት።"