ሃያ ትንፋሽ

አሶሳ ለነርስ ተማሪዎች የተግባር መምህር ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የሆስፒታሉ የሴቶች ዋርድ ገብቼ ተማሪዎቹ የሞሏቸውን ቻርቶች ገለጥኩ። የአሥራ ሁለቱም ታካሚዎች ትንፋሽ በደቂቃ ሃያ ይላል። አሥራ ሁለት ሰው ተመካክሮ አይተነፍስም።

ድሮም ተጠራጣሪ ነኝ፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ለኔ የተተረተ ይመስለኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተማሪዎቹን እንደ ሌባ መጠበቅ ያዝኩ። በር ላይ ቆሜ አያለሁ፣ ድንገት እጠይቃለሁ፣ ነጥብ እቀንሳለሁ። እነሱም ስመጣ ሰዓታቸው ላይ ያፈጣሉ፣ ስሄድ ሃያ ይጽፋሉ።

ይበልጥ የምጠረጥረው ሀዋን ነበር። ከመንጌ የመጣች የበርታ ልጅ ናት። አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት ስለምታምታታ ክፍል ውስጥ ድምጿ አይሰማም፤ ዋርድ ስትገባ ግን ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ ከተኙት እናት ጋር በበርታ ቋንቋ ስታወራ ትውላለች። መዝገቤ ላይ «ወሬኛ» ብዬ ጻፍኩባት።

አንድ ጠዋት የእኒያ እናት ቻርት ላይ ሠላሳ አራት ተጽፎ አገኘሁ። የጻፈችው ሀዋ ናት።

«ይሄ ከየት መጣ?» አልኳት።

«ቆጠርኩ ቲቸር። ሙሉ ደቂቃ።»

«ትናንት ሃያ ነበር እኮ! ዋሽተሽ ከሆነ የተግባር ፈተና አትቀመጪም፤ ዓመቱን ትደግሚያለሽ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቃሏን ግን አልለወጠችም። «ይምጡ ቲቸር፣ አብረን እንቆጥራለን።»

ቆጠርን። እኔ ሠላሳ አምስት አገኘሁ፤ ለአዋቂ ሰው እጅግ ብዙ ነው። ሐኪም ተጠራ፤ የሳንባ ምች ነው ተባለ፣ ኦክስጅን ተደረገላቸው።

«ሌላው ሁሉ ሃያ ሲጽፍ አንቺ ለምን ቆጠርሽ?» አልኳት በኋላ።

«እማማ በየጠዋቱ ‹ዛሬ እንዴት ነኝ?› ብሎ ይጠይቀኛል። ሳልቆጥር ምን ልበለው?»

ቻርቱን ልመልስ ስል ከሠላሳ አራቱ በላይ ያለውን የትናንቱን ሃያ አየሁ። ሌላ ተማሪ የጻፈው ነው። ከጎኑ «ተረጋግጧል» ይላል፤ ፊርማው የኔ ነው። አልቆጠርኩም ነበር። አፈርኩ። «ወሬኛ» የሚለውን ሰረዝኩት።

ከዚያ ወዲህ ለያንዳንዱ ተማሪ አንድ ታካሚ ሰጠሁ። እኔ አብሬ ቆጥሬ ከመፈረሜ በፊት ተማሪው ያገኘውን ለታካሚው ይነግራል፤ ቋንቋ ካልተግባቡ የሚያስተረጉም ይፈልጋል። ሳምንት ሳይሞላ ቻርቶቹ ላይ አሥራ ስምንት፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ስድስት አየሁ። ጥርጣሬዬ አልለቀቀኝም፤ ጡረታ እስክወጣ ሃያ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ማን እንደፈረመ ነበር።

ተማሪ የሚቆጥረው መልሱን የሚጠብቅ ታካሚ ሲኖረው ነው። መምህሩም አብሮ መቁጠር አለበት።