ከመስቀሉ ጎን የነበረችው ናስ

ወንድሜ ለሱቁ ዕቃ ጭኖ ሲመለስ ባኪ የምንላት ትንሿ የጭነት መኪናው ተገልብጣበት ሞተ። ከሆስፒታል የሰጡን የእሱ ዕቃ በአንድ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነበር። ስልኩ፣ ቀበቶው፣ ማተቡ። ማተቡ ላይ የእንጨት መስቀሉ አለ፤ ከመስቀሉ ጎን ደግሞ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ክብ ናስ ተንጠልጥላለች። ጠርዟ ላይ ስስ ምላስ አላት። ፊቷ ላይ ትንሽ ቀስት ተቀርጿል።

ለቅሶ የተቀመጥነው በስደት አገር፣ ሮዘተንቪል በሚባል ሰፈር፣ እኔና እሱ በተከራየናት ቤት ነው። ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው፣ እንደ ልጆቻቸው የሚያዩን እትዬ ከረጢቱን ከእጄ ተቀበሉ። ማተቡን አወጡ። መስቀሉን ሳሙ፤ ናሷንም ሳሙ።

«ይቺ ደግሞ ከየትኛው ገዳም ናት?» አሉኝ።

አቀረቀርኩ። ያዘንኩ መሰላቸው። አዝኛለሁም። ግን ያቀረቀርኩት ለዚያ አልነበረም። ማተቡ ለሴቶቹ ዞረ፣ ሁሉም ተሳለሙት። አንዷ ናሷን ዓይኗ ላይ ሁሉ አሻሸች። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ናሷ ከገዳም አልመጣችም። የሽጉጥ ዕቃ ናት።

የወንድሜ ሱቅ ካትሌሆንግ በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ነበር። አንዴ ከተዘረፈ በኋላ ፈቃድ አውጥቶ ሽጉጥ ገዛ። ለእናታችን አልነገርናትም። ሽጉጡ አናት ላይ ትንሽ መስታወት አለች። በእሷ ስታይ ቀይ ነጥብ ይበራል፤ ነጥቡን ዒላማው ላይ ታሳርፋለህ። ነጥቡና ጥይቱ ካልተገናኙ፣ መስታወቷ ሥር ያሉትን ሁለት ደቃቅ ብሎኖች ማዞር ነው። ሰው በሳንቲም ወይም በቢላ ጫፍ ያዞራቸዋል። ወንድሜ ግን ለዚሁ ብቻ የተሠራች መፍቻ ከሌላ ሻጭ ለብቻዋ አስመጣ። ምላሷ ብሎኑ ስንጥቅ ውስጥ ልክ ትገባለች። ሲያዞራት ቀጭ ትላለች።

«ሳንቲም ጠፋ?» አልኩት የመጣች ዕለት።

«ሳንቲም ይንሸራተታል። ይቺ አትንሸራተትም።»

«ልታገባት ነው እንዴ?»

«ሳቅ አንተ። ከረሜላ መሸጥ መሰለህ?»

ከረሜላው መሃል እየጠፋችበት ባንኮኒውን ገልብጦ ይፈልጋት ነበር። በኋላ ማተቡ ላይ አሰራት። አንገቴ ላይ ካለች አትጠፋም አለ። ነውር ነው አልኩት።

«ምን ነውር አለው? ጌታስ አናጢ ቤት አይደል ያደገው? መፍቻ ብርቁ አይደለም።»

አንዳንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መተኮሻ ሜዳ ይዞኝ ይሄዳል። እሱ ይተኩሳል፤ እኔ ከኋላው ቆሜ ወረቀቱ ላይ ቀዳዳውን እነግረዋለሁ። አንድ ቀን ጥይት አውጥቶ በመስታወቷ እያየሁ ብሎኑን እንዳዞርለት ሰጠኝ።

«ወደ ቀኝ ነው ያዞርኩት» አልኩት፣ «ነጥቧ ግን ወደ ግራ ሸሸች።»

«ነጥቧን አትከተላት። ቀስቱ የሚናገረው ስለ ጥይቱ ነው።»

አጎረሰና ተኮሰ። የቅድሙ ግራ ነበር፤ አሁን ቀኝ ሄደ። ቀጭ አደረጋት። ታች ወረደ። ቀጭ። ደግሞ ግራ። የሜዳው ኃላፊ፣ ነጭ ሽማግሌ ናቸው፣ መጥተው እሳቸው ተኮሱበት። መሃሉን መቱት። «መሣሪያው ደህና ነው፣ ማይ ፍሬንድ፣ ተወው» አሉት። ወንድሜ እሺ አለና፣ እሳቸው ዞር ሲሉ ማተቡን እንደገና ከሸሚዙ ሥር አወጣ።

«ለእጅህም መፍቻ አስመጣለት» ብዬ ሳቅኩበት። እሱ መፍቻዋን ብሎኑ ላይ ገጠማት።

አስከሬኑ ወደ አገር ቤት በሚሄድበት ዋዜማ እናታችን እትዬ ስልክ ላይ ደወለች። ሰው እንዲሰማት የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገውታል። እትዬ ማተቡን እንዳስቀመጡለት፣ የገዳም መዳሊያም እንደነበረው ነገሯት።

«ጎሽ የኔ ልጅ» አለች እናቴ። «ሰው አገር ሃይማኖቱን አልጣለም። ማተቡን አንገቱ ላይ መልሱለት። መዳሊያዋም አብራው ትቀበር።»

ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። እኔ ተነሳሁ። ስልኩን ከእትዬ እጅ ወስጄ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

«እማዬ፣ መዳሊያ አይደለችም።»

«ምንድን ናት ታዲያ?»

«መፍቻ ናት። የ... ማስተካከያ።»

«የምን ማስተካከያ?»

«የሽጉጥ።»

ጆሮዬ በሐፍረት ጋለ። አሁን ሰው ገድሏል ወይ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ይፈራ ነበር ማለት ነው» አለች።

«እ?»

«ልጄ ይፈራ ነበር። ስደውልለት ሰላም ነው፣ ሰላም ነው ይለኛል። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር? ትንሽ ልጅ ሆኖም ሲፈራ የሚያሳብቅበት እጁ ነው።»

ግራ። ቀኝ። ታች። እኔ ከኋላው ቆሜ እጁን እያየሁት ነበር። እሷ ያን ሁሉ አገር ርቃ፣ ሳታየው አወቀችው።

«አዎ፣ እማዬ» አልኩ።

«እንግዲያ መስቀሉን ብቻ አድርጉለት። አሁን የሚያስፈራው የለም።»

ተመልሼ ገባሁ። ሁሉም ያዩኛል።

«እትዬ፣ መዳሊያ አይደለችም። የሽጉጥ መፍቻ ናት።»

አንዲት ሴት ለቅሶዋን አቋረጠች። በሩ አጠገብ ከተቀመጡት ወንዶች አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እትዬ የማተቡን ቋጠሮ ሊፈቱ ሞከሩ፤ ጠብቆ እምቢ ሲላቸው በጥርሳቸው ፈቱት። ናሷን መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ከዚያ እንዳላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ በነጠላቸው ጫፍ ከንፈራቸውን ቀስ ብለው ጠረጉ።