ኦሎምፒያ ድረስ መሸኛኘት

ተመርቄ በወጣሁበት ዓመት ካዛንቺስ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን ነበርኩ። የዶርም ጓደኞቼ ሥራ አግኝተው በየክፍለ ሀገሩ ተበትነዋል። እኔ ሥራ የለኝም። ተማሪ ግን ነበረችኝ፤ ማለቴ፣ ነበሩኝ። ባምቢስ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ የሆኑ፣ እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ። ለእድገት የእንግሊዝኛ ፈተና ስላለባቸው ከሥራ ሲወጡ እኔጋ ይመጣሉ። ከእሳቸው ሌላ በሬን የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም።

ሌላው ሰዋስው ሁሉ ገብቷቸው አንድ የዓረፍተ ነገር ዓይነት ብቻ እምቢ አላቸው። «ዘ ሎንገር ዩ ዌይት፣ ዘ አንግሪየር ዩ ጌት።» ብዙ በጠበቅሽ ቁጥር የበለጠ ትናደጃለሽ። እሳቸው ግማሹን ብለው ያቆማሉ።

«እትዬ፣ ሁለት ናቸው እኮ! አንዱ ሲጨምር ሌላውም አብሮት ይጨምራል!»

«አይ ቲቸርዬ፣ አንቺ በተቆጣሽ ቁጥር እኔ እደነዝዛለሁ።»

«ይኸው! እሱኑ በእንግሊዝኛ ይበሉታ!»

«ዘ ሞር ዩ…» ሳቁ። በቃ፣ ቀረ።

ይቺ ከገባቻቸው ትምህርቱ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ግን ሆን ብዬ መጎተት አልችልም፤ አንጀቴ ይቃጠላል።

ሁሌ ስንጨርስ ኦሎምፒያ ታክሲ ድረስ እሸኛቸዋለሁ። እዚያ ስንደርስ «ብቻሽንማ አትመለሺም» ብለው እስከ ግማሽ መንገድ ይመልሱኛል። ታዲያ እኔስ እንዴት ዝም ብዬ ልግባ? እንደገና እሸኛቸዋለሁ። ረዳቱ ለምዶናል፤ «ማዘር፣ ዛሬ ይገባሉ ወይስ ይመለሳሉ?» እያለ ይቀልዳል።

አንድ ቀን እንዲሁ ስንመላለስ እግረኛ መንገዱ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ቲቸርዬ! ዘ ፋርዘር ዩ ዎክ ሚ፣ ዘ ፋርዘር አይ ዎክ ዩ ባክ!» አርቀሽ በሸኘሽኝ ቁጥር አርቄ እመልስሻለሁ ማለታቸው ነው።

ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ እያየን አቀፍኳቸው። ታክሲ ውስጥ ሲገቡ ግን ትምህርታችን ማለቁ ታወቀኝ።

ፈተናውን አለፉ። ደውለው «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ!» አሉኝ። ከልቤ ደስ አለኝ። አዲሱ ሥራ እንደሚያስመሻቸውም ነገሩኝ፤ አይዞሽ፣ እንገናኛለን አሉ።

በማግስቱ በትምህርታችን ሰዓት እግሬ ኦሎምፒያ ወሰደኝ።

«ማዘርስ?» አለኝ ረዳቱ።

«ትምህርት ጨረሱ።»

«አንቺስ፣ ትገቢያለሽ?»

የምሄድበት የለኝም። ዞሬ ወደ ካዛንቺስ ወጣሁ። መንገዱ ለካ እንዲህ አጭር ነው።