ማሽኑ የሰማው እልልታ

በዚያ ቀን ለንደን ውስጥ፣ ልጄ በምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ የነበርነው ፕሮፌሰሩ፣ ልጄ፣ አብሯት የሚማር አንድ ቻይናዊ፣ መሣሪያ የሚጠግኑ አንድ እንግሊዛዊ፣ የቶተንሃም ሠፈር ጎረቤቴና እኔ ነን። ሌላ ሰው አልነበረም።

ፕሮፌሰሩ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ናቸው። ጠዋት ሽልማት ማሸነፋቸው ተነገረ። ልጄ የእሳቸው ተማሪ ናትና፣ ቤተሰብ ይምጣ ብለዋል ብላ ደወለችልኝ። እኔ ትምህርቴን በልጅነቴ ነው ያቋረጥኩት፤ ሊቅ ፊት ምን እላለሁ ብዬ ፈራሁ። ብቻዬን ላለመሄድ ጎረቤቴን ለመንኳት። እሷ የደሴ ልጅ ናት፤ ሳቅ አይለያትም። ሥራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። እኔ ሥራ ስገባ ልጄን ከትምህርት ቤት እየተቀበለች ያሳደገቻት እሷ ናት።

ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ ባቡር ስንቀይር ፊቴን አየችና፣ "ለደስታ ተጠርተሽ ነው ወይስ ፍርድ ቤት ልትቀርቢ?" አለችኝ።

ልጄ የላቦራቶሪው በር ላይ አስጠነቀቀችን። ለዶክትሬቷ የቀራት የመጨረሻው ልኬት ከመስታወት ግድግዳ ወዲያ ባለው ክፍል እየተካሄደ ነበር። ከተበላሸ መመረቋ ይዘገያል። የፕሮፌሰሩ የዕድሜ ልክ ሥራ አተሞችን በብርሃን ማቀዝቀዝ ነው። ልጄ እንዳስረዳችኝ፣ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣበት ሰው እርምጃው እንደሚከብደው፣ አተሞቹም ከየአቅጣጫው ብርሃን ሲገፋቸው ሩጫቸው ይቀንሳል፤ ያኔ መለካት ይቻላል። ውጭ የሚያልፈው አውቶቡስ እንዳይነቀንቀው ጠረጴዛው እንኳ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ነው። ይህን ስሰማ አምባሬን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ስልኬን አጠፋሁ፤ ሳሌን ዋጥኩ። ጎረቤቴንም ዝም እንድትል ቆነጠጥኳት።

ፕሮፌሰሩ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ጎንበስ ብለው ጨበጡን። ልጄ፣ የተሸለሙት እሳቸው ናቸው ስትል ጎረቤቴ እልል አለች። እልልታ ደግሞ ተቀባይ አጥቶ አይቀርም፤ አፌን ሳልይዘው ተቀበልኳት።

ልኬቱን በሚያሳየው ስክሪን ላይ ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረው መስመር ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ተበጣጠሰ። ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እኔ ግድግዳ ያዝኩ።

ፕሮፌሰሩ መስመሩን ተመለከቱና ድምፁ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ልጄ፣ እናቶች ልጃቸው ሲቀናው የሚሉት ነው አለቻቸው። ያን ጊዜ ወንበር ስበው ተቀመጡና ስለ ራሳቸው አወሩ፤ ልጄ ታስተረጉምልን ነበር። ጦርነት ባፈረሰው ከተማ ነው የተወለዱት። እናታቸው የሰው ልብስ እያጠቡ ነው ያሳደጓቸው። ከክፍላቸው አንደኛ የወጡ ቀን እናታቸው ምንም አላሉም፤ ሸሚዛቸውን ተኩሰው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

"ለእኔ እንዲህ ያለልኝ ሰው የለም። ዛሬ ማሽኑም ሰምቷል" አሉ።

ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው፣ እንኳን ደስ አለዎት ሊሏቸው ፎቅ ላይ የተሰበሰቡትን ሰዎች ትተው፣ ከልጄ ጋር ልኬቱን ከመጀመሪያው ጀመሩ። እኛ በእግራችን ጣት እየረገጥን ወጣን።

ልኬቱ በኋላ ተሳካ። ልጄ ዛሬ ዶክተር ናት። የተበጣጠሰውን መስመር ፕሮፌሰሩ አሳትመው ቢሯቸው ሰቅለውታል፤ የሽልማቱ ሜዳልያ ግን መሳቢያ ውስጥ ነው አሉ። እኔ ብዙ ባልማርም ድምፄ ከሊቁ ግድግዳ ላይ ነው። ይህን ሳስብ በአውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን እስቃለሁ።

ልጄ ስትመረቅ ፕሮፌሰሩ፣ "ሌላዋ እናትስ?" ብለው ጠየቁኝ። ጎረቤቴን ግን ካውንስሉ፣ የሠፈራችን አስተዳደር፣ ከለንደን ውጭ ቤት ሰጥቷት ሄዳ ነበር፤ ስልኳም ተቀይሯል። አሁን እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ነው፤ በሽኝታቸው ላይ ሁለታችሁም ኑልኝ ብለዋል። ብቻዬን እልል ብል ማን ይቀበለኛል?

የደሴዋን ጎረቤቴን የምታውቁ ካላችሁ፣ የት እንዳለችና ደህና መሆኗን እባካችሁ ንገሩኝ።