በዝርዝሩ ላይ የጎደሉት አራት ዓመታት

ሥራ የጀመርሁት ሰኞ ቀን ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው ከቀየት ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ ትንሽ የመንዝ መንደር ነበር። ዲሬክተሩ አቶ በቀለ አንድ ሳጥን ጠመኔ፣ አንድ የስም መጥሪያ መዝገብና አንድ ቀይ እርሳስ አስረከቡኝ። ከግንድ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ አሳይተው፣ «ደወላችን ይህ ነው» አሉኝ። ከዚያ መዝገቡን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና፣ «ልጆቹ ቢረብሹህ አልቆጣህም። ይህን ብታበላሽ ግን እንጣላለን» አሉ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነበር። ሥርዓት እወዳለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የተማሪዎቹን ስም በፊደል ተራ ጻፍሁ፣ አቀማመጣቸውንም በቁመት አስተካከልሁ። አቶ በቀለ የእጅ ጽሑፌን አዩና፣ «ከእንግዲህ የቢሮውን ደብዳቤ የምትጽፈው አንተ ነህ» አሉኝ። ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ደመወዝ አልነበረም። እኔ ግን እንደ ሹመት ቆጠርሁት።

በመንደሪቱ ሁለት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። የእኛው የመንግሥት ነው። ከወንዙ ማዶ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ደግሞ ሕዝቡ አዋጥቶ ያቋቋመው የደብሩ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ሦስት መምህራን ነበሩ፤ ሁለቱ እንደ እኛ የምስክር ወረቀት አላቸው። ታላቃቸው መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ሲሆኑ አገሩ ሁሉ የሚያውቃቸው «የኔታ» በሚለው ስም ነው። ፊደልና ዳዊት ያስተምራሉ፤ በኋላም ከእኛው መጻሕፍት እያዩ ራሳቸውን አስተምረው ሒሳብና ጽሕፈት ጨምረውበታል።

አዲስ ለምትቀጠሩ መምህራን የደመወዙን ነገር ላስረዳ። የመንግሥት መምህር የሚከፈለው በሁለት ነገር ተመዝኖ ነው፤ በምስክር ወረቀቱና ባገለገለበት ዘመን። የደብሩ መምህር ግን የሚከፈለው በመኸር ጊዜ ከየአውድማው በሚዋጣ ገብስ ነበር። በኋላ ጥቂት ብር ተጨመረበት። ውርጭ ገብሱን የመታ ዓመት ደመወዙንም ይመታዋል። እንግዲህ በአንድ መስፈሪያ ያልተሰፈሩ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች ነበሩን ማለት ነው።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ በዘመነ ዮሐንስ መግቢያ፣ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እንዲዋሐዱ ትእዛዝ መጣ። አቶ በቀለ ሰባታችንንም ሰብስበው አነበቡልን። የሁላችንም አገልግሎት፣ የትም ይሁን የት፣ ከተቀጠርንበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዝርዝር ይጻፋል። ከሁሉ ረጅም ዘመን ያገለገለው ምክትል ዲሬክተር ሆኖ የኃላፊነት አበል ያገኛል። የምስክር ወረቀት የሌለው ደግሞ አሥር ዓመት ካገለገለ በመንግሥት ደመወዝ ይቀጥላል፤ ካልሞላው ይሰናበታል።

ክርክሩ ወዲያው ተነሣ። ከእኛ ወገን አንጋፋው አቶ ንጋቱ ነበሩ። የዚያው አገር ተወላጅ ናቸው፤ አሥራ አንድ ዓመት አገልግለዋል።

«በገብስ የተከፈለና በብር የተከፈለ እኩል ሊቆጠር ነው?» አሉ።

የኔታ ከመቋሚያቸው ላይ ቀና አሉ። «ልጆቹስ? እኔ ፊደል ያስቆጠርሁትን ልጅ አይደል አንተ ተቀብለህ የምታስተምረው? ወንዙን ሲሻገር ሌላ ልጅ ይሆናል?»

ሳቅን። አቶ ንጋቱ ግን አልሳቁም። «የኔታ፣ እርስዎ ዳዊቱን ይድገሙ፤ ሒሳቡን ለእኛ ይተዉልን።»

«ሒሳቡስ መች ጠፋኝ? በሁለት ዓመት እንደምበልጥህ አሳምሬ አውቃለሁ።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሽማግሌ መልስ መስጫ መስሎኝ ከሌሎቹ ጋር ስቄ አለፍሁት።

ዝርዝሩን የማዘጋጀው እኔ ነበርሁ። ወረቀቱን በስኬል አሰመርሁ፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የምስክር ወረቀት፣ የተቀጠረበት ዓመተ ምሕረት፣ ያገለገለበት ዘመን። የእኛ ወገን ማስረጃ ሁሉ ቁጥር ነበረው። የየኔታ ግን የድሮው የደብር አለቃ በቀይና በጥቁር ቀለም የጻፉት ብራና ነው። «በዘመነ ሉቃስ በወርኃ ጥቅምት ሕፃናትን ያስተምሩ ዘንድ ተሾሙ» ይላል። ዓመተ ምሕረት የለበትም። ለጻፉት ሰው ሉቃስ ማለት ይበቃ ነበር፤ በዚያ ጊዜ የትኛው ሉቃስ እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረማ። ወንጌላውያኑ ግን በየአራት ዓመቱ እየዞሩ ይመጣሉ። አንዱ ሉቃስ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነበር፤ ሌላው ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ።

የኔታን መጠየቅ ነበረብኝ። የወንድማቸውን ተዝካር ሊያወጡ ራቤል ሄደው ነበርና በሦስተኛው ቀን ይመለሳሉ ተባለ። ደብዳቤ ወሳጁ ደግሞ በማግሥቱ ይነሣል። ስለዚህ በራሴ አሰብሁ። የደብሩ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆርቆሮ የተመታበት ዘመን ተቀርጿል፤ ዘመነ ማርቆስ ይላል፣ ዓመተ ምሕረቱም ከሥሩ አለ። ከማርቆስ ቀጥሎ የሚመጣው ሉቃስ ነው። ቤቱ በማርቆስ ተሠራ፣ መምህሩ በሉቃስ ተቀጠረ ብዬ ደመደምሁ። ቤት ሳይኖር መምህር አይቀጠርም ብዬ ነው። በአገልግሎት ዘመን አምድ ውስጥ «ዘጠኝ ዓመት» ብዬ ጻፍሁ። በዚያ ስሌቴ ኮርቼም ነበር።

የተጻፈውን አይተው በአረጋጋጭነት እንዲፈርሙበት ለአቶ ንጋቱ አሳየኋቸው። በየኔታ ስም ላይ ጣታቸውን አኑረው ቆዩ። ከዚያ፣ «ጽሑፍህ ንጹሕ ነው» ብለው ፈረሙ። አቶ በቀለም ማኅተም አደረጉበት።

መልሱ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። አቶ በቀለ በቢሯቸው ቆመን ሳለን አነበቡልን። አቶ ንጋቱ ምክትል ዲሬክተር ሆነዋል። መሪጌታ ገብረ ሥላሴ አሥር ዓመት ስላልሞላቸውና የምስክር ወረቀት ስለሌላቸው ተሰናብተዋል።

የኔታ ዲሬክተሩን አላዩም፤ አቶ ንጋቱንም አላዩም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ የትኛውን ሉቃስ ነው የጻፍኸው?»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። «ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ያለውን» አልሁ።

«ቆርቆሮው!» አሉ። «እኔ ቆርቆሮው ከመመታቱ ሦስት ዓመት በፊት በጓሳ ሣር በተከደነ ጎጆ ነው ያስተማርሁ። ጎጆዋ ስትፈርስ ሕዝቡ አይቶ አይደል እንዴ ያዋጣው? ለልጆች ነው ቤቱ የተሠራው። ልጆቹን ማን ሰበሰባቸው?»

«አልነበሩም እኮ፣ የኔታ፤ ራቤል ሄደው ነበር።»

«ሦስት ቀን ነው የሄድሁ» አሉ።

ብራናቸውን ከአቶ በቀለ ጠረጴዛ ላይ አነሡ፣ ጠቀለሉት፣ ጋቢያቸው ውስጥ ከትተው ወጡ።

አቶ ንጋቱን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ደረስሁባቸው። «እርስዎ የዚህ አገር ሰው ነዎት። ጎጆዋን አያውቋትም ነበር?»

«አውቃታለሁ። ታናሽ ወንድሜ እዚያ ነው ፊደል የቆጠረው።»

«ታዲያ ዘጠኝ ዓመት የሚለውን አይተው ለምን ፈረሙ?»

«የጻፍኸው አንተ፣ የጠየቅኸኝ ነገር የለ። ፈርም አልኸኝ፤ ፈረምሁ።» ጥቂት ሄዱና ቆሙ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ እርከን ጠብቄአለሁ። አንተ ሁለት ዓመትህ ነው፤ አይገባህም።»

ስለ እሳቸው ብዙ ልናገር እችል ነበር። በወረቀቱ ላይ ያረፈው የመጀመሪያው እጅ ግን የእኔ ነው።

አቶ በቀለ የማስተካከያ ደብዳቤ ለመፈረም አልፈለጉም። «ማኅተሜን አኑሬበታለሁ። ሳያይ ያትማል ሊሉኝ ነው» አሉ። አምስት ቀን ለመንኋቸው። በስድስተኛው ቀን፣ «ስሕተቱ የጸሐፊው ነው ብለህ ጻፍና ልፈርም» አሉ። ጻፍሁ። ለእኔ ቀላሉ ነገር ያ ነበር፣ እውነትም ነውና። ከደብሩ ሦስት ሽማግሌዎች ስለ ጎጆዋ መስክረው ጣታቸውን አተሙበት። ዳገትና ቁልቁለቱን ሁለት ቀን ተጉዤ ወደ አውራጃው ከተማ ሄድሁ።

የሰው ኃይል ሹሙ ሰው የሚያንቋሽሹ አልነበሩም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበቡ። «ምስክሮቹን አምኛለሁ» አሉኝ። «ችግሩ ዝርዝሩ ጸድቆ ወደ በላይ ተላልፏል፤ በጀቱም በእሱ ተመድቧል። የጸደቀ ዝርዝር የሚታረመው ባለጉዳዩ ራሱ በሠላሳ ቀን ውስጥ ሲያመለክት ነው። ስንት ቀን ሆነው?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«የት ከረማችሁ?»

ደብዳቤው ከእሳቸው ቢሮ ወጥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ ብቻ ሃያ ሦስት ቀን ፈጅቷል። ነገርኋቸው። መንገዱን እንደሚያውቁት፣ ደንቡ ግን ቀኑን የሚቆጥረው ደብዳቤው ከወጣበት ዕለት ጀምሮ እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «አንድ ነገር ላድርግ» አሉ። «ቦታው ገና ክፍት ስለሆነ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ልመልሳቸው እችላለሁ። አገልግሎታቸው ከዛሬ ይጀምራል። ደመወዙ የመጨረሻው እርከን ነው።»

ይህን ይዤ ተመለስሁ። የኔታ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ድር ሲያጠነጥኑ አገኘኋቸው። ነገርኋቸው።

«ማለት፣ ከአንተ በታች?»

«አዎ፣ የኔታ።»

ድሩን ጠቅልለው ጨረሱ። ሁለት ሴት ልጆች ነበሯቸው፤ መሬታቸው ደግሞ ለአንድ ጥማድ የማትበቃ ቁራጭ ናት። የደብሩ ገብስ ከውሕደቱ ጋር ቀርቷል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ እሳቸውም እንደማውቅ ያውቃሉ።

«ሰኞ እመጣለሁ» አሉ።

የመምህራን መፈረሚያ መዝገብ የሚጻፈው በአገልግሎት ተራ ነው። የመጀመሪያው መስመር የአቶ ንጋቱ ነበር፤ የኔታ ሰባተኛው መስመር ላይ ከእኔ ስም ሥር ይፈርማሉ። ስሜን እንዳያዩ ቀድሜ ገብቼ እፈርምና እወጣ ነበር። ሞኝነት ነው፤ ስሙ ከነፊርማው እዚያው አለ። አንድ ቀን በር ላይ አገኙኝና፣ «አትሽሽ፤ ብዕሩን ብቻ አቀብለኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አቀብላቸው ጀመርሁ።

ሦስት ዓመት አስተማሩ። በሦስተኛው ዓመት ዓይናቸው ደከመ፤ ሰሌዳውን ማየት አቃታቸው። ሲለቁ የአገልግሎት ማስረጃ ጠየቁ። ለጡረታ ቢያንስ አሥር ዓመት ያስፈልግ ነበር። ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነበርሁ፤ ልጽፍ የምችለው ደግሞ መዝገቡ የሚለውን ብቻ ነው። «ሦስት ዓመት» ብዬ ጻፍሁ።

የኔታ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው በጣም ቀርበው አነበቡት።

«ጽሕፈትህ አሁንም ያምራል» አሉኝና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዝርዝሮች ጽፌአለሁ። ባለቤቱን ፊቴ አስቀምጬ ዓመቱን አነብለታለሁ፤ አዎ ካላለ አልጽፍም። ባለቤቱ ከሌለ ቦታውን ባዶ እተዋለሁ፤ ደብዳቤ ወሳጁም ዝርዝሩን ሳይዝ ይሄዳል።