ስህተት ያለቀበት ሰዓት

ችግሩ እንዲህ ነበር፦ አንድን ነገር እንዲነኩት ሳይፈቀድላቸው እንዴት ያጠኑታል?

ሰውየው የጥርስ ቴክኒሽያን ነው። ሐኪሟ ከፊት ባለው ክፍል በሽተኛ ስታክም እሱ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ በወለቀው ጥርስ ፋንታ የሚገባውን ይሠራል። ማጉያ መነጽር ከግንባሩ ስለማይጠፋ የሚያውቁት ሁሉ ማጉያው ይሉታል። ባለቤቱ ሳትቀር፣ “ማጉያው፣ ራት ቀርቧል” ትላለች።

የጥርስ ቀለም የሚመረጠው በመስኮት ብርሃን ነው፤ የአምፖል ብርሃን ያታልላል። ስለዚህ አንዳንዴ በሽተኛው ራሱ ወደ ኋላኛው ክፍል ይመጣና መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ማጉያውም ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ከበሽተኛው ጥርስ አጠገብ እያስጠጋ ያመሳክራል። አንድ ቀን እንዲህ ሲያመሳክር የበሽተኛው ክንድ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ተዘርግቶ ነበር። እጁ ላይ ስሙ የገነነ ፋብሪካ የሠራው የወርቅ ሰዓት አለ። ክንዱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር በሰዓቱ ጠርዝ ላይ አንዲት ቀጭን የብርሃን መስመር ትሮጥና ማእዘኑ ጋ ስትደርስ ቁርጥ ትላለች። አትደበዝዝም፤ ቁርጥ ነው የምትለው። ማጉያው ጥርስ ማየቱን ትቶ እሷን ሲከተል ቆየ።

የሠራው ጥርስ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። ቢጫ ሆኗል።

“ጋሼ፣ ይሄን ቀለም ደግሞ ከየት አመጣኸው?” አለችው ዶክተሯ።

ከየት እንዳመጣው ያውቅ ነበር፤ ግን እንዴት ይናገረዋል?

ከዚያ በኋላ የሰዓቱን ፎቶግራፎች ሰበሰበ። ፎቶግራፍ ግን አይንቀሳቀስም፤ መስመሯም አትሮጥም። መደብር ሄደ። ሻጩ ጓንት አጥልቆ ሰዓቱን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አሳየውና ወዲያው ወደ መስታወቱ ሳጥን መለሰው። መግዛትማ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ፎርጅዱን አዘዘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነውና። ፎርጅድ ሰዓት የሚያስር ሰው ሲታይ ሁሉም “ሊያታልለን ነው” ይላል። እንዲህ ያለ ሰው አለ፣ አይካድም። ሰዓት የሚወዱ ሰዎች ግን ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ምክንያታቸውም እንደየመልካቸው ይለያያል። ማጉያው ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የሰዓት ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ይቀመጣል። ፋርማሲስቱ ኦርጅናሉ አለው፤ ከአባቱ የወረሰው ነው። እቤት ቆልፎበት ፎርጅዱን አስሮ አውቶቡስ ይሳፈራል። “አባቴን ጭኜ ግፊያ ውስጥ አልገባም” ይላል። ጡረታ የወጣችው መምህርት ደግሞ ገና ልትገዛ እያጠራቀመች ነው። ከመግዛቷ በፊት ፎርጅዱን ዓመት ሙሉ አስራ ፍቅሯ ይጸና እንደሆን ታያለች።

“ባሌን ሳላጠና አግብቼው ያየሁትን አይቻለሁ” ትላለች። “ሰዓቱን እንኳ ላጥናው እንጂ!”

የጠረጴዛው ደንብ አንድ ነው። የተቀመጠ ሁሉ ሰዓቱን ፈትቶ መሀል ላይ ያኖርና፣ ሳይጠየቅ፣ “ኦርጅናል” ወይም “ፎርጅድ” ይላል። አስቀድሞ የተናገረ አይሰደብም። ደንቡን ያወጣው ጠጋኙ ነው፤ ፎርጅድን ኦርጅናል ብሎ የሚሸጥ ሰው ሱቁ እንዲገባ አይፈልግም።

ማጉያው ፎርጅዱን የወደደበት ምክንያት ከሁሉም የተለየ ነበር፤ የወደደው ስህተቱን ነው። አስቡት፤ የቅጂውን ስህተት ለማግኘት ትክክለኛው ምን እንደሚመስል ማወቅ ግድ ይላል። ኦርጅናሉን አትኩሮ ባየ ቁጥር ያምራል ብቻ ነበር የሚለው። ቅጂው ግን ለምን እንደሚያምር አስተማረው። የቅጂው ሰባት ቁጥር አንገቷ ቀጥ ያለ ነው፤ የኦርጅናሉ ትንሽ ጎንበስ ትላለች፤ ይህን ያወቀው ቅጂውን ከፎቶግራፎቹ ጋር ሲያስተያይ ነው። ስህተት ባገኘ ቀን ፊቱ እየበራ ቤት ይገባል።

“ዛሬ ደግሞ ምን ተበላሽቶ ነው እንዲህ ደስ ያለህ?” ትለዋለች ባለቤቱ።

ያገኘውን ማረምም ጀመረ። የጥርስን ጥቃቅን መስመሮች በሚቀባበት፣ ከሁለት ሦስት ፀጉር በማይበልጥ ብሩሽ ቁጥሮቹን እንደገና ቀባ። ትልቁ ሥራ ግን ጆሮዎቹ ነበሩ፤ ማለትም ማሰሪያውን የሚይዙት አራቱ የቀፎው ጫፎች። ፎርጅዶች በጥድፊያ ነው የሚወለወሉት፤ ጠርዛቸው እንዳገለገለ ሳሙና ይሟሟል። ብርሃኗ ቁርጥ እንድትል ጠርዙ ስለት ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ላቦራቶሪው ውስጥ ተቀምጦ እያንዳንዱን ጆሮ በለስላሳ ድንጋይ፣ ጠፍጣፋውን ጠፍጣፋ፣ ማእዘኑን ማእዘን እያደረገ ወራት ፈጀ።

ሲጨርስ ቅቡ ተልጦ ግራጫው ብረት ወጣ። ወርቅ ቀቢ ዘንድ መሄድ ነበረበት፤ ለዚያም ወርቅ ያስፈልጋል። ባለቤቱ ጥንዷ የጠፋባት አንዲት ጉትቻ ነበረቻት።

“ስማ፣ እኔ ጆሮዬን ባዶ ትቼ የሰዓትህን ጆሮ ላስጌጥ?”

“አንዷ ብቻዋን ምን ትሠራልሻለች?”

“ለአንድ ጆሮ ትሆናለቻ!” አለች፤ ከዚያ ግን ሰጠችው።

ቀቢው ሰዓቱን ከውስጥም ከውጭም ደህና አድርጎ፣ ከተለመደው አወፍሮ ቀባው። ማጉያው መስኮቱ ሥር ሄዶ ክንዱን አንቀሳቀሰ። መስመሯ ሮጠች፤ ማእዘኑ ጋ ስትደርስ ቁርጥ አለች።

ዶክተሯ በዚያ ሳምንት፣ “ውይ፣ ሰዓትህ ሲያምር!” አለችው።

“አመሰግናለሁ” አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዶክተሯ ወደ ኋላኛው ክፍል ገባችና ቆማ ቀረች።

“ጋሼ፣ እስቲ በሩን ዝጋው።”

ዘጋው። ክሊኒኩ የአባቷ ነበር። እሷ ቦርሳ አንግታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጀምሮ ያውቃታል። እንዲህ ባለ ድምፅ አናግራው አታውቅም።

“ለጥርስ ሥራ ያስቀመጥነው ወርቅ ጎድሏል።”

“ጎድሏል? እንዴት ይጎድላል?”

“እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። አንተ ደግሞ በየምሳ ሰዓቱ ቢጫ ነገር ስትሞርድ ያዩህ አሉ። ወርቅ ማቅለጥ ታውቃለህ፣ በቅርጽ ማውጣት ታውቃለህ…” ወደ እጁ ተመለከተች። “ያንን ሰዓት የሠራኸው አንተ ነህ?”

የቀረበበት ክስ ወርቅ ሰርቆ ሰዓት አወጣበት የሚል ነው። ማጉያው ኋላ ለባለቤቱ እንዳወራላት ግን መጀመሪያ የተሰማው ኩራት ነበር። ቀጥሎ ስለ እንጀራው አሰበ። ወርቅ የሚነካ ሰው ስሙ አንዴ ከጎደፈ ሌላ ላቦራቶሪ በሩን አይከፍትለትም፤ ከዚህ ሌላ ደግሞ የሚያውቀው ሥራ የለም።

“ፎርጅድ ነው” አለ።

“ፎርጅድ እንዲህ አይሆንም፣ ጋሼ።”

“ይሆናል! አርሜው ነው!”

በራሱም ጆሮ ሲሰማው ውሸት ይመስላል። ጓደኛው ጠጋኙ መጥቶ ይመስክርለት እንዳይባል፣ ያው ጓደኛው ነው። ዶክተሯ አጎቷን ጠራች፤ ወርቅ ሠሪ ናቸው።

አጎትየው መፈተኛ ድንጋያቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የሰዓቱን ጎን ድንጋዩ ላይ ፈተጉት። ቢጫ ጭረት ወጣ። አሲድ ጠብ አደረጉበት፤ ርካሽ ነገር ቢሆን ኖሮ ጭረቱ በጠፋ ነበር። አልጠፋም።

“ወርቅ ነው” አሉ።

“ቅቡ ነው እንጂ! የባለቤቴ ጉትቻ ነው!”

አጎትየው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩት። “ጉትቻ ነው ሰዓት፣ አንዱን ምረጥ እንጂ ልጄ።”

በእጃቸው መዝነው፣ “ቀለል ይላል፤ ግን ማሽኑና መስታወቱ ውስጡ እያለ በሚዛን አይፈረድም” አሉ። ጀርባውን አስከፍተው ቢያዩም ውስጡም ቢጫ ነው። “ወርቅ ከተደበቀ ወፍራሙ ቦታ ላይ ነው። እሱ ይሞረድ። እኔ ግን እጄን አላስገባም፤ ኦርጅናል ሆኖ ቢገኝ ያበላሸሁት እኔ ልሆን ነው።”

ወፍራሙ ቦታ ጆሮው ነው።

ማጉያው መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። አጎትየው ነጭ ወረቀት ከሥሩ አነጠፉለት፤ ወርቅ ሠሪ ያለ ወረቀት አይሞርድም። ከአራቱ አንዱን ለመምረጥ ሰዓቱን ሁለት ሦስቴ አገላበጠው፤ የሚበላለጡ አልነበሩም። መጨረሻ ላይ እጁ ላይ የመጣለትን ያዘና ሞረዱን ማእዘኑ ላይ አሳረፈ። መጀመሪያ ቢጫ ዱቄት ወረቀቱ ላይ ወረደ። ገፋበት። ዱቄቱ ቀለሙን ለወጠ፤ ግራጫ ሆነ። አጎትየው አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ቁስሉን ጠረጉና ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ።

“ብረት ነው” አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ “የቀሩትን ሦስቱን ጠርዞች ማነው ያወጣቸው?”

“እኔ ነኝ።”

“እጅህን ይባርከው።”

ዶክተሯ ወንበር ስባ ቁጭ አለች። “ጋሼ፣ ያኔ ሰዓትህ ያምራል ስልህ ‘ፎርጅድ ነው’ ብትለኝ ምን ነበረበት?”

“ደስ ብሎኝ ነዋ” አለ። “እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።”

እሷ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት እሱ አልሰማትም። ወረቀቱን እያየ ነበር። ዱቄቱ አንድም ሳይባክን እዚያው ተሰብስቦ ተኝቷል። የእሱ መሞረጃ ጠረጴዛ ላይስ? ድሮ የወርቅ ጥርስ ሲሞርድ ብናኙ መሳቢያ ውስጥ ይወርድና በዓመቱ መጨረሻ ይቀልጥ ነበር። ዘንድሮ ለሳንባው ጥሩ ነው ተብሎ ብናኝ የሚስብ ማሽን ተገጥሟል። ሁለቱም ወደውት ነበር። የሚስበው ወዴት እንደሚሄድ ግን እሷም አልጠየቀች፣ እሱም አልጠየቀ።

“ዶክተር፣ ወርቁ እኮ አሁንም አልተገኘም” አለ። “እስቲ የዚህን ማሽን ቱቦ እንክፈተው።”

ቱቦው የሚታጠፍበት ጋ ጥቁር ቢጫ ጭቃ ተጋግሮ ተገኘ። አጎትየው ወስደው አቀለጡት፤ የወጣው ወርቅ ሲመዘን ከጎደለው ብዙም አይርቅም። ዶክተሯ በማግስቱ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስባ የሆነውን ራሷ ተናገረች። ማጉያው እዚያው ቆሞ ጫማውን ሲያይ ነበር።

ቅዳሜ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

“ይህችን ማን ነከሳት?” አለች መምህርቷ።

ሲነግራቸው ፋርማሲስቱ ሳቁ አልቆም አለው። “ይኸውልህ፣ ሰው ኦርጅናል ነው ብሎ ለማሳመን ይለፋል፤ አንተ ፎርጅድ ነው ብለህ ለማሳመን ልትታሰር ነበር!”

ጠጋኙ ግን ቁስሉን እያየ፣ “በአንዲት ጠብታ ብየዳ ይደፈናል፤ ሞርደህ መልሰህ ታስቀባዋለህ” አለ።

“ይቅር” አለ ማጉያው።

“ተናደህበት ነው?”

“የለም፣ ምንም አላደረገኝ። ግን ከእሱ የምማረው አልቋል። ሰባቷ ለምን ጎንበስ እንደምትል ታውቃላችሁ? አንድ ሰው ተቀምጦ ትጎንበስ ብሎ ወስኖ ነው። እኔ እስከ ዛሬ የእሱን ውሳኔ ስከተል ኖርኩ። እኔ ብወስን ምን ይመጣ ይሆን?”

አሁን የያዘው ይህንን ነው። የሰዓት ፊት በፖርስሊን እየሠራ ነው፤ ጥርስ በሚሠራበት በዚያው ፖርስሊን። ዶክተሯ ከሥራ በኋላ ምድጃውን ፈቅዳለታለች። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። እንደ ጥፍር የሳሳ ክብ ብረት ይቆረጣል፤ የፖርስሊን ዱቄት በውሃ ተለውሶ በላዩ ይቀባል፤ ሲደርቅ ምድጃ ይገባል። የመጀመሪያው ሲወጣ እንደ ደረቅ ቅጠል ተጣሞ፣ ፊቱ በቀጫጭን ስንጥቅ ተሞልቶ ነበር። ማጉያው እንደ ልማዱ ለስህተቱ ደስ አለው። ምክንያቱንም አገኘው፤ ብረትና ፖርስሊን ሲቀዘቅዙ እኩል አይኮማተሩም። ትንሽና ክብ በሆነ ጥርስ ላይ ይህ አይታወቅም፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ግን አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ስለዚህ ጀርባውንም ቀባው፤ ሁለቱ ወገኖች እኩል እንዲጓተቱ። መጣመሙ ቀነሰ። አዲስ ችግር መጣ፦ የጠቋሚዎቹ ዘንግ የሚያልፍባት የመሀሏ ቀዳዳ ፖርስሊኑ ሲቀልጥ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ትዘጋለች። ከተተኮሰ በኋላ ቢበሳት ዙሪያዋ ይሰነጠቃል።

በዚህ ሳምንት ሦስት ክቦች ምድጃው አናት ላይ እየደረቁ ናቸው። ፖርስሊኑ ሲፈስ ልኩ ላይ እንዲቆም የሦስቱም ቀዳዳ ከሚፈለገው ይሰፋል፤ አንዱ ጥቂት፣ አንዱ ደህና፣ ሦስተኛው በጣም። ማጉያው መነጽሩን አውርዶ፣ ብሩሹን በውሃ አርሶ፣ ከቀዳዳዎቹ አፍ ላይ ትርፉን ዱቄት እየጠረገ ነው።